ያልነዳሁት መኪና

የካቲት 9

ዛሬ አዳማ መናኸሪያ ተናገርኩ። ማይኩ ሁለቴ ጠፋ፣ አቧራው ዓይን አያስገልጥም፣ ሰው ግን ንቅንቅ አላለም። ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ተራ አስከባሪው፣ ብርቱካን ሻጯ ሳትቀር ቆመው ሰሙኝ። «ቶኩማ እባላለሁ። አራት ዓመት ታስሬያለሁ። ቆቃ መንገድ ላይ ጉቱ የሚባል ወጣት ዓሣ አስጋሪ በመኪና ገጭቼ ገድያለሁ» ስል ሁሌም የሚመጣው ፀጥታ መጣ። ከመኪናው ወርጄ እጁን እንደያዝኩት፣ እሱም «ይቅር ብዬሃለሁ» ብሎኝ እንዳረፈ፣ እኔ ከዚያ በኋላ ደንግጬ እንደሸሸሁ ነገርኳቸው። አንድ ግዙፍ የተሳቢ ሹፌር ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰው ያለቅሳል።

መድረኮቼን የምታዘጋጅልኝ ሶሲ ስንመለስ «ቶኬ፣ ዛሬ ገደልከን በቃ!» አለችኝ። ቃል አመራረጧ አንዳንዴ ግርም ይለኛል።

ቤት ስደርስ እህቴ ሲና ስፌቷ ላይ እንዳቀረቀረች፣ «ዛሬስ ስንት ሰው አስለቀስክ?» አለች። ሰው ከእስር ወጥቶ ራሱን ሲያቆም፣ ስሙን ሲያድስ፣ ወንድሜ ብላ እንደመኩራት ታሽሟጥጣለች።

ለሶሲም ለሲናም ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው። ያን መኪና የነዳሁት እኔ አይደለሁም። ሮባ ነው፤ የአለቃዬ የጋሽ ታጠቅ ልጅ። ሰው ምስጢሩን ሲጽፍ ቀለለኝ ይላል። እኔን ግን ደሜን ነው ያፈላው።

የካቲት 12

ሮባን አየሁት። ፍራንኮ ሰፈር፣ የትራፊክ መብራቱ ጋ። እኔ ባጃጅ ውስጥ፣ እሱ ራሱ በሚነዳት ነጭ መኪና። መንጃ ፈቃድ አውጥቷል ማለት ነው፣ እንኳን ደስ ያለው! መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሊያናግረኝ አፉን ከፈተ፤ አረንጓዴ በራ፤ ሄድን። ከስቷል። ምን ሆኖ ይከሳል? የእስር ቤቱን ሽሮ የበላሁት እኔ።

የካቲት 17

ቀኑን ሙሉ ነፋስ ነበር፣ የትም አልወጣሁም። እንዴት እንደሆነ አንዴ በሥርዓቱ ልጻፈው። መድረክ ላይ የምለውን ስደጋግመው እውነቱን ሊውጥብኝ ነው።

ከመቂ ሽንኩርት ጭነን ወደ አዳማ እየመጣን ነበር። ሮባ ያኔ ገና ጎረምሳ ነው፤ ኮሌጁ ሰልችቶት «ሥራ ልልመድ» እያለ ጋቢና ውስጥ አብሮኝ ይጓዛል። ዓለም ጤናን እንዳለፍን «ቶኬ፣ አንዴ ስጠኝ፣ መንገዱ ባዶ ነው» አለ። የአለቃ ልጅ ምን ይባላል? ሰጠሁት። ገና ሊነጋጋ ነው፤ ከሐይቁ የሚነሳው ጉም መንገዱን ሸፍኖታል። ጉቱ መረቡን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ውሃው ሊወርድ ሲሻገር ነው። ድምፁን ሰማሁት። ከላይ ጆንያ የወደቀ ነበር የመሰለኝ።

ሮባ እጁ መሪው ላይ ደርቆ ቀረ፣ እግሩም ነዳጁ ላይ። መኪናው አልቆመም። ሞጆ ስንገባ ነው የቆመው።

ጋሽ ታጠቅ ሞጆ ድረስ በርሮ መጣ። ያቀፈው ልጁን አይደለም፣ እኔን ነው። «ይሄ ልጅ መንጃ ፈቃድ የለውም፣ እስር ቤት ይበሰብሳል። አንተ ግን ሹፌር ነህ፤ በሹፌር ላይ አደጋ ይደርሳል፣ ሁሉም ያውቀዋል። በሦስት ወር አስወጣሃለሁ። እናትህ ከዛሬ ጀምራ የኔም እናት ናት» አለኝ። እናቴ ያኔ ወንጂ ውስጥ፣ ነፍሱን ይማረውና አባቴ ከሸንኮራ እርሻው ጡረታ ሲወጣ በተከራየናት ክፍል ታማ ተኝታለች። እሺ አልኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው።

ሦስቱ ወር አራት ዓመት ሆነ። ታጠቅ አንድም ቀን መጥቶ አልጠየቀኝም። እናቴ እኔ እዚያው እያለሁ ሞተች። ሲና ብቻዋን አስታመመቻት፣ ብቻዋን ቀበረቻት። ታጠቅ ለቅሶ አልደረሰም። ሰው የጠላቱን ለቅሶ እንኳ ይደርሳል! ደጃፉን አልፎ ሁለት ደቂቃ ቢቀመጥ ምን ይጎድልበት ነበር? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ ደግሞ ከተወጉትም የባስኩ ነኝ፤ ማታ ማታ ቁስሌን አይቼ ነው የምተኛው።

የካቲት 24

ቆቃ ደርሼ መጣሁ፤ አዮ ጫልቱ ጋ። የጉቱ እናት ናቸው።

እኛ ዘንድ ሰው የገደለ፣ በአደጋም ቢሆን፣ ፍርድ ቤት ቢቀጣውም ባይቀጣውም ከሟች ወገን ጋር ለደም ዕርቅ፣ ለጉማ ካልተቀመጠ ደሙ አይደርቅም። ዘመዶቹ በሟች መንደር አያልፉም፣ ገበያም ላይ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ስለዚህ እኔ እንደታሰርኩ አጎቶቼ ሽማግሌ ላኩ፤ ከየቤታቸው ያላቸውን አዋጥተው ካሳውን ከፈሉ። ስፈታ ደግሞ የመጨረሻው ሥርዓት ቀረ። በሬ ታረደ። ኦቦ ቀነዓ የሚባሉት ሽማግሌ «እውነቱን ተናገር፤ በጉማ ላይ ከተዋሸ ደም አይታጠብም» አሉኝ። «የገደልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ከአዮ ጫልቱ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን ከአንድ ገበታ በላን። ከዚያ ወዲህ በጉቱ ቦታ ልጃቸው ነኝ፤ በዓል ሲሆን ስኳርና ቡና ይዤ እሄዳለሁ።

ምን ልል ኖሯል ያኔ? ሁሉም ነገር ተሰናድቶ ነበር፤ በሬው ታስሯል፣ ሰው ተሰብስቧል። ሶሲም የመጀመሪያውን መድረክ ይዛልኝ ነበር። እውነቱን አልጣልኩትም፣ ለጥሩ ቀን ነው ያስቀመጥኩት።

ዛሬ «አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ»፣ እንዴት ነህ ልጄ ብለው ጉንጬን ሳሙና ዓሣ ጠበሱልኝ። አንዲት አዲስ ጎረቤት መጥታ ተቀምጣለች። አዮ እኔን እያሳዩአት፣ «ልጄ ሲሞት ብቻውን አልነበረም፤ እጁን የያዘው ይሄ ነው» አሏት። ሴትዮዋ መረቀችኝ። እኔ አቀርቅሬ የዓሣውን እሾህ ስለቅም ቆየሁ።

መጋቢት 3

ሶሲ እየዘለለች መጣች። ግንቦት 2 በትልቁ አዳራሽ የመንገድ ደህንነት ቀን ይከበራል፤ ዋናው ተናጋሪ እኔ ነኝ። አዘጋጁ የጭነት መኪና ባለንብረቶች ማኅበር ነው። ሊቀመንበሩስ ማን ሆነና? ጋሽ ታጠቅ! በገዛ እጁ ካባ ያለብሰኛል። ቤተሰቡ ከፊት ይቀመጣል፣ ሮባም ጭምር።

«ደስ አላለህም እንዴ?» አለችኝ።

ደስታ ትላለች! እግዜር ራሱ ወንበር እየደረደረልኝ እኮ ነው። ሬዲዮ ይኖራል፣ ትራፊክ ፖሊሶች ይኖራሉ፣ ታጠቅን «ጋሼ፣ ጋሼ» የሚል የከተማው ነጋዴ ሁሉ ይኖራል። ካባውን ያለብሰኛል። እኔ ማይኩን ይዤ፣ «የጉቱ ገዳይ ያው እዚያ ተቀምጧል፤ እኔን ያሳሰረኝ ደግሞ አሁን ካባ ያለበሰኝ ሰው ነው» እላለሁ። ከዚያ ፊቱን አያለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ያን ፊት ብቻ አንዴ ማየት። በኋላ የፈለገው ይምጣ።

መጋቢት 5

መስታወት ፊት። ጣቴን ልቀስርበት? አይ፣ የጎረምሳ ጠብ ይመስላል። ዝም ብዬ ልየውና ስሙን በዝግታ። ሮባ ታጠቅ። ሮባ... ታጠቅ። ሲና ሳታንኳኳ ገብታ «ማንን ነው የምትጠራው?» አለች። ጎረቤት አልኳት።

መጋቢት 16

ቡልቡላ ነበርኩ። ሙቀቱ አስፋልት ያቀልጣል፣ ሹፌሩ ግን በጥላውም በፀሐዩም ሞልቶ ጠበቀኝ። «ቂም የያዘ እጅ መሪ አይይዝም» ስላቸው አጨበጨቡ። ይሄን አባባል ራሴ ነኝ የፈጠርኩት፤ ጥሩ ወጥቶልኛል፣ ግንቦት 2 መጀመሪያው ላይ አስገባዋለሁ። እናቴ ብትሰማኝ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ትለኝ ነበር። እሷ ተረት አታጣም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቀኔን አበላሸው። ውሃ ልጠጣ ከሱቁ ጀርባ ስዞር ሁለት ሽማግሌ ሹፌሮች ሲያወሩ ሰማሁ።

«አፉ ማር ነው» አለ አንደኛው።

«ነው» አለ ሌላው። «ግን አየኸው? ስለ ሟቹ ሲያወራ እኛ አለቀስን አላለቀስን ነው የሚያየው።»

ምቀኛ። ዝዋይን እስክናልፍ ድረስ ስበግን ነበር። ሶሲ ሁለቴ ምን ሆንክ አለችኝ።

መጋቢት 27

ታጠቅ ምሳ ጋበዘኝ። ሞጆ መውጫ ላይ ያለው ሥጋ ቤት።

«ግባ ግባ፣ ጀግናው!» ብሎ ተነስቶ አቀፈኝ። ወፍሯል። ጥሬ ሥጋ አዘዘ፣ ጎድን እየቆረጠ ወደኔ እየገፋ ይሰብከኛል። «እግዚአብሔር ሁሉን ለበጎ ነው። ያ ነገር ባይደርስብህ ይኼኔ ሽንኩርት ትጭን ነበር። አሁን የሕዝብ ሰው ሆንክ።»

«ልክ ነዎት፣ ጋሼ።»

«የእናትህን ነገር ስሰማ በጣም ነው ያዘንኩት። ሰው ልኬ ነበር።»

«ማንን?»

ሥጋውን ሚጥሚጣ ውስጥ ሲያገላብጥ ቆየና «ያው... ሰው» አለ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የኔ ራስ ምታት ሮባ ሆኗል። አይበላ፣ አይተኛ። ሥራ ልስጠው፣ አይሆንም። ልዳረው፣ አይሆንም። አንዳንድ ቀን ጠዋት መኪናውን አስነስቶ ይጠፋል፣ ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም። እስቲ አንድ ቀን አውራው፤ አንተ ሰው ታበረታ የለ እንዴ?»

በጌታ! ልጁን እንዳበረታለት! በመሀላችን የነበረውን ቢላ አየሁትና ቀና ብዬ «ግንቦት 2 ላይ በደንብ አወራዋለሁ፣ ጋሼ» አልኩት። ባረከኝ። ሥጋው ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም፤ ጠግቤ ነው የተነሳሁት።

ሚያዝያ 6

ለሲና ነገርኳት። ልነግራት አስቤ አይደለም፤ «ለግንቦት የትኛውን ሱሪ ላሳጥርልህ?» ስትለኝ አፌ ላይ መጣ። ሮባ እንደነዳ፣ መድረኩ ላይ ምን እንደማደርግ፣ ሁሉንም።

የምትጮህ፣ የምታቅፈኝ መስሎኝ ነበር። መርፌውን ከጨርቁ ላይ ነቅላ አስቀመጠችና፣ «እንዳልነዳህማ እናውቃለን» አለች።

«እነማን?»

«እኔና እማዬ። እስክትሞት ድረስ 'ልጄ ሰው ገጭቶ ጥሎ አይሄድም' ትል ነበር።»

እሷ ግን አልበቃትም። «አዮ ጫልቱስ? ሴትዮዋ ከአንተ ጋር ጉማ በልተው፣ ደሙ ታጥቧል ብለው ነው የሚያድሩት። እንደገና ሊያስቀብራቸው ነው ይሄ ነገር።»

«ገዳዩን ማወቅ መብታቸው ነው!»

«መብታቸው ከሆነ ዛሬ ለምን አትነግራቸውም? ቆቃ ሩቅ ነው? መድረክ ለምን ትጠብቃለህ?»

እኔ የምበቀለው ለእናቴም ጭምር መሆኑን ይቺ ልጅ አይገባትም። ለሷም ጭምር ነው። ብቻዋን እማዬን ያስቀበራት ማን ሆነና? በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ትንሽ ሄጄ ግን ወዴት እንደምሄድ ስላላወቅኩ ተመለስኩ።

ሚያዝያ 7

ሲና አታናግረኝም። ምሳዬን ከድና ሄዳለች፣ ቀዝቅዟል። ምን ታውቃለች? እሷ አልታሰረችም። እማዬን ያስታመመችው እሷ መሆኗን ረስቼ አይደለም። ያን ያህል መጮህ አልነበረብኝም።

መድረክ ለምን ትጠብቃለህ። ለምን አልጠብቅም!

ሚያዝያ 15

አዲስ ሐሳብ። አዮ ጫልቱን ራሳቸውን አዳራሽ ባመጣቸውስ? ከፊት፣ ከሮባ ትይዩ ባስቀምጣቸው? ስሙን ስጠራ እናቲቱ እዚያ አሉ። ታጠቅ የሚገባበት ይጠፋዋል። ሲና ደግሞ እንድነግራቸው ፈልጋ የለ? ይሄው፣ ይሰማሉ፤ ከሁሉም ጋር እኩል ይሰማሉ። እስከዚያ ምንም አልልም፣ ኑ ብቻ እላቸዋለሁ።

ሚያዝያ 19

ቀኑን ሙሉ መጻፍ አልቻልኩም። አሁን ልሞክር።

ጠዋት ቆቃ ደረስኩ። አዮ ደጃፋቸው ላይ ዓሣ ይዘለዝላሉ። ግንቦት 2 እንዲመጡ፣ የክብር ቦታ እንደሚያዝላቸው ነገርኳቸው። ደስ አላቸው። አዘጋጁ ማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ታጠቅ አልኳቸው።

«የሮባ አባት?» አሉ።

ክው አልኩ። «ሮባን የት ያውቁታል?»

«ልጄ ነው እንጂ! ጉቱ የሞተ ሰሞን ከሰው ጋር መጥቶ እዚህ ጥግ ተቀመጠ። ከማንም በላይ ያለቀሰው እሱ ነው። የማላውቀው ልጅ እንደዚህ ያለቀሰልኝ ምን ደግ እናት ብትወልደው ነው አልኩ። ከዚያ በኋላም አልቀረም፤ ጠዋት ጠዋት ይመጣል፣ ውሃ ይቀዳልኛል፣ ጣራዬንም እሱ ነው ያደሰው። ብዙ አያወራም። ከአንተ ይልቅ እሱ ነው የሚመላለሰው፣ አትቀየመኝ።»

ጣራውን ቀና ብዬ አየሁት። አዲስ ቆርቆሮ ነው። እስከ ዛሬ አላስተዋልኩትም ነበር።

እንግዲህ አስቡት! እኔ በሱ ቦታ ታስሬ፣ በሱ ቦታ ጉማ በልቼ፣ በሱ ቦታ ልጅ ተብዬ፣ እሱ ደግሞ ተደብቆ መጥቶ እዚህም ልጅ ሆኗል! ይቺንም ሊነጥቀኝ! ምላሴን መያዝ አቃተኝ። «የሚያለቅሰው ስለገደለው ነው! ጉቱን የገደለው ሮባ ነው! እኔ ጎኑ ነው የተቀመጥኩት፣ መሪው በሱ እጅ ነበር!» አልኩ።

ቢላቸውን ውሃው ውስጥ አስገቡት። አጠቡት። የጠበቅኩት እሪታ ነው፤ እሪታ የለም። «ታዲያ ሲሞት እጁን የያዘው ማንኛችሁ ነው?» አሉኝ።

የያዝኩትን ስኳር መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ወዲያው ነው የሞተው?»

«አላውቅም» አልኩ።

«እንዴት አታውቅም?»

«አላቆምንም።»

እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ተነሱ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ነው የታየኝ። «ሂድ» አሉኝ። «እንዳታየኝ። ሂድ።» ያመጣሁትን ስኳር እንኳ አልመለሱልኝም፣ ረስተውታል። እኔም መንገድ ዳር ቆሜ ወደ አዳማ የሚሄድ መኪና ስጠብቅ አንድም ሹፌር አላቆመልኝም፤ ወይ እኔ እጄን አልዘረጋሁም፣ አላስታውስም።

ያላቆመው ሮባ ነው። እኔ መሪ አልያዝኩም።

ሚያዝያ 22

ደወልኩ። አያነሱም።

ሚያዝያ 25

ካባው ደርሷል። ሶሲ ፎቶውን ላከችልኝ፣ ወርቃማ ጥልፍ ነው። አዮ ለሮባ ነግረውት ቢሆንስ? ሳይመጣ ቢቀርስ? ወይ ለኦቦ ቀነዓ ነግረው ሽማግሌዎቹ ነገሩን ቀድመው ቢያዳፍኑትስ? ይሄን ሁሉ የደከምኩበት በከንቱ ሊሆን ነው። ምነው አፌን በቆረጠው። ሲና ፊቴን አይታ «አዮ ምን አሉ?» አለች። ደህና ናቸው አልኳት።

ግንቦት 2፣ ማታ

እንደሆነው ልጻፍ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ታጠቅ ከፊት፣ ግራጫ ሱፍ ለብሶ፤ ሮባ ጎኑ፣ ኮቱ ሰፍቶት። መጥቷል! ታጠቅ መድረክ ላይ ወጥቶ ካባውን ደረበልኝ፣ በጆሮዬ «ኮራሁብህ» አለኝ። ተጨበጨበ። ወርዶ ተቀመጠ። ማይኩን ያዝኩ። በሥርዓቱ ጀመርኩ፤ መናኸሪያውን፣ እስሩን፣ «ቂም የያዘ እጅ መሪ አይይዝም» የሚለውን። አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ሮባን ፊት ለፊት አየሁትና፣ «ዛሬ ከአንድ ሰው ጋር ላስተዋውቃችሁ ነው» አልኩ።

በሩ ተከፈተ።

የቆቃ ሴቶች ናቸው። ቀጭኑን የሲንቄ በትራቸውን ይዘው፣ አዮ ጫልቱ ከፊት፣ ኦቦ ቀነዓ ከኋላ። ጥበቃው ሊያስቆማቸው እጁን ዘርግቶ በትሩን ሲያይ ሰበሰበው። ሶሲ «ፕሮግራም ላይ የሉም እኮ» እያለች ሮጠች፤ አንድ ትልቅ ሰው እጇን ይዘው መለሷት። ሲንቄ የያዘች እናት ስትመጣ ወንድ ይቆማል፣ ነገር ይቆማል፤ እንኳን ስብሰባ፣ ጦርነትም ቢሆን። ከኋላ ጀምሮ ሽማግሌዎቹ እየተነሱ ቆሙ። ለምን እንደሚቆም የማያውቀውም ተከትሎ ቆመ።

አዮ በመሀል ያለውን መንገድ ቀስ ብለው መጡ። እኔን አላዩኝም። የመጀመሪያው ረድፍ ጋ ሲደርሱ በኦሮምኛ፣ ያለ ማይክ፣ «ልጄን የገደለው ማን ነው?» አሉ።

ስሙ አፌ ውስጥ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ የተለማመድኩት ስም። «እዚያ የተቀመጠው...» ብዬ ስጀምር፣ ዞር ሳይሉ፣ «አንተን አልጠየቅኩም» አሉ።

ሮባ ተነሳ። ታጠቅ ኮቱን ጨምድዶ ያዘው። ልጁ እጁን ከኮቱ አወጣና ኮቱን ለአባቱ ትቶ ሄደ። «እኔ ነኝ፣ አዮ» አለ። «ያኔውኑ ልነግርዎት ነበር የመጣሁት። እያንዳንዱን ቀን ልነግርዎት ነበር የምመጣው።» እግራቸው ላይ ወደቀ።

አዳራሹ ተናወጠ። ከኋላ ሹፌሮች «ገዳይ! ገዳይ!» እያሉ ወንበር እየዘለሉ መጡ። እኔ ይሄንን ነበር የፈለግኩት፤ አልክድም፣ ይደርሱበት ዘንድ ነበር የተመኘሁት። አዮ ጫልቱ ሲንቄያቸውን በሮባና በሰዎቹ መሀል አቆሙት። ሴቶቹ ከበቡት። ከሲንቄ በስተኋላ የገባን ሰው ማን ይነካል? ሁሉም ባለበት ቆመ። ጠላቴ ከዓይኔ ፊት በእናቲቱ በትር ተጠለለ።

የታጠቅንም ፊት አየሁት። ባዶ ኮት ታቅፎ፣ አፉን ከፍቶ፣ በአንድ ጊዜ አርጅቶ። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅኩት ፊት ነው። ግን የኔ አልነበረም። እኔ አላደረግኩትም፣ ወደኔም አላየም። የልጁን እግር ነበር የሚያየው።

አዮ ከመውጣታቸው በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተም ውረድ» አሉኝ። ወረድኩ። ካባው አደናቀፈኝ።

ግንቦት 6

ሮባ በራሱ እግር ሄዶ ለፖሊስ እጁን ሰጥቷል። ለጊዜው በዋስ ወጣ ይላሉ። ታጠቅም ተጠርቷል፤ የማኅበሩን ወንበር ለቋል። ጥሩ። ይቅመሷት። እኔም ቃሌን እንድሰጥ ተጠርቻለሁ፤ ሐሰት መስክረሃል ሊሉኝ ነው መሰለኝ። ይበሉኝ።

ሶሲ መድረኮቹን በሙሉ ሰርዛለች። «ቶኬ፣ ከእንግዲህ የቱን ታሪክ ነው የምንናገረው?» አለችኝ። አልተቆጣችም፣ የምሯን ነበር የጠየቀችኝ። ስልኩን ዘጋሁባት።

ግንቦት 14

ኦቦ ቀነዓ በእግራቸው ቤት ድረስ መጡ። ሲና ውሃ ሰጠቻቸው፣ ጠጡ፣ ባረኩን። ጉማው እንደ አዲስ ሊቀመጥ ነው፤ የፊተኛው ፈርሷል፣ በውሸት ላይ ነው የቆመው። ለአጎቶቼ የከፈሉት ይመለስላቸዋል። ካሳውን የታጠቅ ወገን ይሸከማል። በሬው እሁድ ይታረዳል።

ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። «እኔስ የት ነው የምቀመጠው፣ ኦቦ? ከተበዳይ ጋር ነው?» አልኳቸው። ልጅ ተብዬ የለ?

«ከገዳይ ወገን» አሉ። «ከሮባ ጎን።»

ተነስቼ ቆምኩ። «ከሮባ ጎን! አራት ዓመት የታሰርኩለት እኔ! እናቴን ያጣሁት እኔ! መሪውን የያዘው እሱ አይደለም ወይ?»

«ነው። ጫልቱም ይሄን ታውቃለች። ሌሊቱን ሙሉ ስታስብበት አድራ ነው የወሰነችው።»

«ምን አሉ?»

ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀመጡ። «መኪናው ልጄን ጥሎ ሲሄድ ውስጡ ሁለት ሰው ነበር አለች።»

ሸኘኋቸው።

ግንቦት 16

አልሄድም። ለሲና ቁርጡን ነግሬያታለሁ። ለእናቴ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በተቀመጠበት አግዳሚ ላይ፣ ከልጁ ጋር ትከሻ ለትከሻ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ? ብሞት እንኳ ሮባ ጎን አልቀመጥም። አዮ ይፈልጉ እንደሆነ ብቻቸውን ይታረቁት። ደጋግሜ ነገርኳት፤ አልሄድም፣ አልሄድም፣ የትም አልሄድም።

አልተከራከረችኝም። ካውያዋን አግላ ሁለት ሸሚዝ አልጋው ላይ ዘረጋች። «ለእሁድ ነጩን ነው ወይስ ሰማያዊውን የምተኩስልህ?» አለች።

ሰማያዊውን አልኳት።